ነባሩ ተወካይ ሲሰናበት፦ በዋሽንግተን ስቴት የክፍት ወንበርን ምርጫ ከሜይ እስከ ኖቬምበር እንዴት እንከታተል

በደቡብ ሲያትል ለስቴቱ ምክር ቤት የሚደረግ ውድድር ብዙ ጊዜ ውድድር አይባልም። ነባሩ ተወካይ እንደገና ሲቀርብ የሚገዳደረው ሰው ወይ የለም፣ ወይ ለስሙ ያህል ነው። ኤሪክ ፔቲግሩ በ2002 ተመርጠው በ2020 በቃኝ እስኪሉ ድረስ የ37ኛው የምርጫ ክልል አንዱ ወንበር አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ አልተነቃነቀም። በሌላው ወንበር ላይ ሻረን ቶሚኮ ሳንቶስ በ1998 ተመርጠው ከሃያ አምስት ዓመት በላይ ቆይተዋል። ነባር ሰው ፈጽሞ አይሸነፍም ማለት አይደለም፤ ግርማይ ዛሂላይ በ2019 ለኪንግ ካውንቲ ምክር ቤት ሲወዳደሩ ከ1994 ጀምሮ የቆዩትን ላሪ ጎሴትን አሸንፈዋል። ግን እንዲህ ያለው ከስንት አንዴ ነው።

ስለዚህ አንድ ተወካይ “ከእንግዲህ አልወዳደርም” ያለ ቀን ለእኛ ትልቅ ዜና ነው። ከሴንትራል ዲስትሪክት ተነሥቶ በሬይኒየር ቫሊ በኩል እስከ ስካይዌይና ሬንተን ለምንኖር ኢትዮጵያውያን እንዲህ ያለ ዕድል በየዓመቱ አይመጣም። ችግሩ ብዙዎቻችን ወሬውን የምንሰማው በኖቬምበር መሆኑ ነው። ያን ጊዜ በወረቀቱ ላይ የቀሩት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ሁለቱንም የመረጠልን በኦገስቱ የማጣሪያ ምርጫ ድምፁን የሰጠው ጎረቤታችን ነው። ይህ መመሪያ ያንን ለመቀየር የተጻፈ ነው። ዘመኖቹ ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. መጀመሪያ ወንበሩ እንዴት እንደተለቀቀ ይለዩ

ዋሽንግተን 49 የምርጫ ክልሎች አሏት። እያንዳንዱ ክልል ወደ ስቴቱ ዋና ከተማ ወደ ኦሊምፒያ አንድ ሴናተርና ሁለት የታችኛው ምክር ቤት ተወካዮች ይልካል። የሴናተሩ ዘመን አራት ዓመት፣ የተወካዮቹ ሁለት ዓመት ነው። ሁለቱ የተወካይ ወንበሮች “ፖዚሽን 1” እና “ፖዚሽን 2” ተብለው ለየብቻ ስለሚመረጡ፣ “37ኛው ክልል ክፍት ወንበር አለው” ሲባል የትኛው እንደሆነ ይጠይቁ።

ተወካዩ ዘመኑን ጨርሶ የሚሰናበት ከሆነ መደበኛው ምርጫ ይደረጋል፤ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የሚያወራው ስለዚያ ነው። በዘመኑ መካከል ከለቀቀ ግን መንገዱ ሌላ ነው። ያን ጊዜ ሕዝቡ ወዲያው አይጠራም። የለቀቀው ሰው ፓርቲ የሰፈር ተጠሪዎች ተሰብስበው ድምፅ ይሰጡና ሦስት ስም ያቀርባሉ፤ ክልሉ በአንድ ካውንቲ ውስጥ ካለ የካውንቲው ምክር ቤት ከሦስቱ አንዱን ይሾማል። በሕዝብ ድምፅ የሚመረጠው ከዚያ በኋላ ነው።

ሁለቱም በ37ኛው ክልል ደርሷል። ሴናተር አዳም ክላይን በ2014 ሲሰናበቱ ወንበሩ ለውድድር ቀርቦ ፕራሚላ ጃያፓል አሸነፉ። ከሁለት ዓመት በኋላ የኮንግረስ አባሉ ጂም ማክደርሞት ጡረታ ሲወጡ ጃያፓል ለእሳቸው ቦታ ተወዳድረው ወደ ዋሽንግተን ዲሲ ሄዱ። የሴኔት ወንበራቸው ደግሞ በዲሴምበር 2016 በሹመት ለሬቤካ ሳልዳኛ ተሰጠ። የአንድ አዛውንት ሴናተር ስንብት በሁለት ዓመት ውስጥ እስከ ኮንግረስ የደረሰ ለውጥ አመጣ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀውን ልጨምር። እነዚያ ሹመቱን የሚወስኑት የሰፈር ተጠሪዎች በየሁለት ዓመቱ፣ ቁጥሩ ሙሉ በሆነ ዓመት ይመረጣሉ። ለመመዝገብ ገንዘብ አይከፈልም፤ ሰፈሩ ጥቂት መቶ መራጮች ያሉበት ነው፤ አንድም ሰው የማይቀርብባቸው ሰፈሮችም ብዙ ናቸው። ብቻዎን ከቀረቡ ያለ ውድድር ያልፋሉ። ከኢትዮጵያውያን መካከል ጥቂት ሰዎች በሜይ ወር የተጠሪነት መመዝገቢያውን ፎርም ቢሞሉ፣ በሚቀጥለው ጊዜ አንድ ሴናተር በድንገት ሲለቅ በአዳራሹ ውስጥ ድምፅ ያለን ሰዎች እንሆናለን።

2. ክልልዎንና ምዝገባዎን አሁኑኑ ያረጋግጡ

የሲያትል ነዋሪ ሁሉ በአንድ ክልል አይደለም፤ መንገድ ተሻግሮ ያለው ዘመድዎ የሌላ ክልል መራጭ ሊሆን ይችላል። በስቴቱ የመራጮች ድረ ገጽ፣ ቮትዋ በሚባለው፣ ስምዎንና የልደት ቀንዎን ሲያስገቡ ክልልዎን፣ የተመዘገበ አድራሻዎንና የድምፅ ወረቀትዎ የደረሰበትን ያሳይዎታል።

ድምፅ የሚሰጠው የአሜሪካ ዜጋ የሆነ፣ 18 ዓመት የሞላው፣ በስቴቱ 30 ቀን የኖረ ሰው ነው። በመስመር ላይ ወይም በፖስታ መመዝገብና አድራሻ መቀየር የሚቻለው ከምርጫው 8 ቀን በፊት ድረስ ነው። ያ ካለፈዎት አይጨነቁ፤ በአካል ሄዶ መመዝገብ በምርጫው ዕለት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት፣ በእነሱ አቆጣጠር 8 ፒኤም፣ ይቻላል። የኪንግ ካውንቲ ምርጫ ጽሕፈት ቤት ያለው ሬንተን ነው። በዚያው ሳምንት ዜግነት የማለ ሰው እንኳ ሳይዘገይ መምረጥ ይችላል።

ልጆችን አይርሱ። የ16ና የ17 ዓመት ልጆች አስቀድመው መመዝገብ ይችላሉ፤ እስከ ኖቬምበሩ ምርጫ 18 የሚሞላው ልጅ ደግሞ በ17 ዓመቱ በኦገስት ድምፅ ይሰጣል። እስር ቤት የነበረ ሰውም ከ2022 ጀምሮ ከወጣ በኋላ ተመዝግቦ መምረጥ ይችላል።

አንድ ብርቱ ማሳሰቢያ አለኝ። ግሪን ካርድ ያለው ሰው በምንም ምክንያት የመራጭነት ፎርም አይሙላ። በገበያ አዳራሽ ወይም በፌስቲቫል ላይ ወረቀት ይዞ የሚዞር ወጣት በቅን ልቦና ቢለምንዎትም፣ የፎርሙ መጀመሪያ ላይ “የአሜሪካ ዜጋ ነዎት?” የሚል ጥያቄ አለ። እዚያ ላይ በስህተት “አዎ” ማለት በኋላ ዜግነት እስከ ማሳጣት፣ ከአገር እስከ ማስወጣት ሊያደርስ ይችላል። እናትና አባትዎ ቋንቋውን ካልቻሉ ፎርሙን እርስዎ ያንብቡላቸው።

3. በሜይ የመጀመሪያ ሳምንት ማን እንደተመዘገበ ይመልከቱ

ዕጩዎች የሚመዘገቡት በሜይ የመጀመሪያው ሰኞ ጀምሮ እስከ ዓርብ ነው፤ በ2026 ከሜይ 4 እስከ 8 ማለት ነው። ሐሳቡን የቀየረ ዕጩ እስከሚቀጥለው ሰኞ ድረስ ስሙን ማንሣት ይችላል። ስለዚህ ትክክለኛው ዝርዝር የሚታወቀው በዚያ ሰኞ ማታ ነው። በኦገስቱ የድምፅ ወረቀት ላይ ስሞች የሚደረደሩበት ቅደም ተከተል የሚወሰነው በዕጣ ስለሆነ፣ መጀመሪያ የተጻፈው ሰው ብልጫ አለው ማለት አይደለም።

ከመካከላችን መወዳደር የሚፈልግ ካለ የሚጠበቅበት ይኸው ነው፤ በክልሉ ውስጥ የተመዘገበ መራጭ መሆንና የደመወዙን አንድ በመቶ መክፈል። የተወካይ ዓመታዊ ደመወዝ ከ60 ሺህ ዶላር በላይ ስለሆነ ክፍያው ከ600 ዶላር ይበልጣል። ገንዘቡ የሌለው ሰው ለእያንዳንዱ ዶላር የአንድ መራጭ ፊርማ አሰባስቦ ማቅረብ ይችላል። እወዳደራለሁ ብሎ ገንዘብ ማሰባሰብ ከጀመረ በሁለት ሳምንት ውስጥ የምርጫ ገንዘብን ለሚቆጣጠረው የስቴቱ ኮሚሽን ማሳወቅ አለበት። እውነቱን ለመናገር ግን በሜይ የሚጀምር ሰው ዘግይቷል። ጠንካራ ዕጩዎች የስንብቱ ዜና በተሰማ በቀናት ውስጥ ስልክ መደወል ይጀምራሉ። ማኅበረሰቡ “ማንን እንደግፍ?” ብሎ መነጋገር ያለበትም ያኔ ነው።

4. ዕጩዎቹን ይመዝኑ፤ ትክክለኛውን ጥያቄ ለትክክለኛው ሰው ያቅርቡ

በዚህ ክልል ዋነኞቹ ተወዳዳሪዎች ብዙ ጊዜ ሁሉም ዴሞክራቶች ናቸው። በ2020 የፔቲግሩ ወንበር ሲለቀቅ ኖቬምበር ላይ የቀረቡት ከርስተን ሃሪስ ታሊና ቹኩንዲ ሳልስበሪ ሁለቱም ዴሞክራቶች ነበሩ፤ ሃሪስ ታሊ አሸነፉ። እሳቸው አንድ ዘመን አገልግለው በ2022 ሳይወዳደሩ ሲቀሩ ደግሞ ቺፓሎ ስትሪት ከኤሚጃ ስሚዝ ጋር ተወዳድረው ወንበሩን ያዙ። እንዲህ ሲሆን በፓርቲ ስም መምረጥ ምንም አይረዳም። ሰዎቹን መለየት የግድ ነው።

በስብሰባዎቻችን ላይ ደጋግሜ የምሰማው ጥያቄ ስለ ቪዛ፣ ስለ ስደተኞች ፖሊሲና ስለ አሜሪካ የኢትዮጵያ ፖሊሲ ነው። እነዚህ ሁሉ የኮንግረስና የፌዴራል መንግሥቱ ሥራ ናቸው፤ የስቴት ተወካይ ጥሩ ጥሩ ቃል ከመናገር ውጭ ሊያደርገው የሚችለው ጥቂት ነው። ኦሊምፒያ የሚወስነው ግን በየቀኑ ኪሳችን ውስጥ ይገባል።

ኪራይን እንውሰድ። በ2025 የወጣው የስቴቱ ሕግ የቤት ኪራይ በ12 ወር ውስጥ የሚጨምርበትን መጠን 7 በመቶ ሲደመር የዋጋ ንረት፣ ወይም 10 በመቶ፣ ከሁለቱ ባነሰው ገድቧል። ዕጩውን “ይህን ገደብ ለማላላት ወይም ለማጥበቅ ረቂቅ ቢቀርብ ድምፅዎ የት ነው?” ብለው ይጠይቁት። ኡበርና ሊፍት የሚነዱ ወንድሞችና እኅቶቻችን ዝቅተኛ ክፍያ በደቂቃና በማይል የተወሰነው በ2022 በወጣ የስቴት ሕግ ነው፤ አሽከርካሪውን ያለ አግባብ ከአፑ ስለማገድ ምን ያስባል? በቤቷ ልጆች የምትጠብቅ እኅት ፈቃዷንም ሆነ መንግሥት ለወላጆች የሚከፍልላቸውን ድጎማ የሚመለከተው ሕግና በጀት የሚመጣው ከኦሊምፒያ ነው። ክፍያው ስንት ወር እንደሚዘገይ እሷ ራሷ ቆማ ብትናገር ከአሥር ንግግር ይበልጣል።

መልሱን ሲሰሙ “ከማኅበረሰባችሁ ጎን ነኝ” የሚለውን ይተዉትና ሁለት ነገር ይፈልጉ። አንደኛ፣ ዕጩው የሕጉን ስም ወይም ይዘት ያውቃል? ሁለተኛ፣ የማያስደስት መልስ ለመስጠት ይደፍራል? ለሁሉም ጥያቄ “አዎ” የሚል ሰው በኦሊምፒያም ለሁሉም “አዎ” ይላል፤ እዚያ ደግሞ ከእኛ በፊት የሚደርሱ ሎቢስቶች፣ ተከፍሏቸው ሕግ አውጪዎችን የሚያግባቡ ሰዎች፣ አሉ።

በፖስታ የሚመጣልዎት የመራጮች መጽሔት ውስጥ ያለውን የዕጩውን ጽሑፍ የጻፈው ራሱ ዕጩው ነው፤ የምርጫ ጽሕፈት ቤቱ እውነትነቱን አያጣራም። ከዚያ ይልቅ ማን ገንዘብ እንደሰጠው ይመልከቱ። የገንዘብ ተቆጣጣሪው ኮሚሽን ድረ ገጽ ላይ ማንም ሰው የዕጩውን ስም ጽፎ ለጋሾቹን ማየት ይችላል። አከራዮች ናቸው? የሠራተኛ ማኅበራት ናቸው? ብዙ ትናንሽ ለጋሾች ናቸው ወይስ ጥቂት ትላልቅ? እኔ ከንግግሩ ሁሉ በፊት የማምነው ይህንን ዝርዝር ነው።

ማኅበራችሁ የዕጩዎች መድረክ ማዘጋጀት ከፈለገ ሁሉንም ተወዳዳሪዎች በእኩል ይጥራ። ከግብር ነጻ የሆነ የበጎ አድራጎት ማኅበር አንዱን ዕጩ መደገፍ አይፈቀድለትም፤ መራጭ መመዝገብና መድረክ ማዘጋጀት ግን ይችላል። ጥሩ አስተርጓሚ ያዘጋጁ፤ ጥያቄዎቹን አስቀድመው በአማርኛና በእንግሊዝኛ ያትሙ፤ ለእያንዳንዱ ዕጩ አንድ ዓይነት ደቂቃ ይስጡ። ቀኑ ከኦገስት በፊት ይሁን። ጁን ከሁሉ ይሻላል።

5. ኦገስትን እንደ ዋናው ምርጫ ይቁጠሩት

በዋሽንግተን መራጭ በፓርቲ አይመዘገብም። በኦገስት የመጀመሪያው ማክሰኞ፣ በ2026 ኦገስት 4፣ የሁሉም ፓርቲ ዕጩዎች በአንድ ወረቀት ላይ ይቀርባሉ፤ ከስማቸው ሥር የሚመርጡት ፓርቲ ይጻፋል። ብዙ ድምፅ ያገኙት ሁለቱ፣ ከአንድ ፓርቲም ቢሆኑ፣ ወደ ኖቬምበር ያልፋሉ። በፕሬዚዳንታዊው የማርች ምርጫ ፓርቲ እንዲመርጡ ይጠየቃሉ፤ በዚህኛው ግን ማንም አይጠይቅዎትም።

የዚህ አሠራር አደጋ ድምፅ መበታተኑ ነው። በ2016 ለስቴቱ የግምጃ ቤት ኃላፊነት ሦስት ዴሞክራቶችና ሁለት ሪፐብሊካኖች ቀረቡ። ዴሞክራቶቹ በድምሩ የበለጠ ድምፅ ቢያገኙም ለሦስት ተከፋፍለውት ስለነበር ያለፉት ሁለቱ ሪፐብሊካኖች ናቸው። በ2024 ደግሞ ለሕዝብ መሬቶች ኮሚሽነርነት በርካታ ዴሞክራቶች፣ ሴናተር ሳልዳኛን ጨምሮ፣ ሲወዳደሩ፣ ዴቭ አፕተግሮቭ ሁለተኛ ሆነው ያለፉት ድጋሚ ተቆጥሮ በ49 ድምፅ ነው። ከመላው ስቴት አርባ ዘጠኝ ድምፅ! አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በአዳራሹ ቡና ከሚጠጣው ሰው ያነሰ ቁጥር ነው። እኒህ ሰው በኖቬምበር አሸንፈው ሥራውን ያዙ።

በክፍት ወንበር ላይ አምስትና ስድስት ዕጩ ሲቀርብ ሁለተኛ ሆኖ ለማለፍ የሚያስፈልገው ድምፅ ትንሽ ነው፤ በኦገስት የሚመርጠውም ሰው ከኖቬምበር ያነሰ ነው። ስለዚህ የአንድ ማኅበረሰብ ድምፅ ክብደቱ ከፍ የሚለው በበጋ ነው። ለዘመድ አዝማድ ስልክ መደወሉንና ቤት ለቤት መዞሩን ለጁላይ ያድርጉት።

6. ፖስታውን በጥንቃቄ ይሙሉ

የድምፅ ወረቀቱ ከምርጫው 18 ቀን በፊት በፖስታ ይላካል። በጥቁር ወይም በሰማያዊ እስክርቢቶ ክቡን ሙሉ በሙሉ ያጥቁሩት። ከተሳሳቱ የተሳሳተውን መልስ በመስመር ሰርዘው ሌላውን ያጥቁሩ። በወረቀቱ ላይ ያለውን ሁሉ የመሙላት ግዴታ የለብዎትም፤ ግን ከላይ ያሉትን ትላልቅ ስሞች ብቻ ሞልተው የምክር ቤቱን ወንበር ባዶ አይተዉት። ያ ባዶ ክብ ነው ለኦሊምፒያ የሚሄደው።

አሁን ወደ ፊርማው። ብዙ ድምፃችን የሚንገላታው እዚህ ጋ ስለሆነ ቀስ ብለው ያንብቡ። ከፖስታው ጀርባ የሚፈርሙት ፊርማ በምዝገባ መዝገብዎ ላይ ካለው ጋር ይነጻጸራል። እማማ ለመንጃ ፈቃድ ወይም ለመታወቂያ በእንግሊዝኛ ፊደል ስማቸውን ጽፈው፣ ፖስታው ላይ ደግሞ እንደ ለመዱት በአማርኛ ከፈረሙ አይመሳሰልም። አባባ ከሕመም በኋላ እጃቸው ከተንቀጠቀጠም እንዲሁ። በአማርኛ መፈረም ችግር የለውም፤ ችግሩ ከመዝገቡ ጋር አለመመሳሰሉ ነው። መታወቂያውን አውጥተው ጎን ለጎን አስቀምጠው ይፈርሙ። መፈረም የማይችል ሰው ምልክት አድርጎ ሁለት ምስክሮች ሊፈርሙለት ይችላሉ። ልጅ ለእናቱ፣ ባል ለሚስቱ መፈረም ግን ፈጽሞ አይቻልም፤ ሕገ ወጥ ነው።

ፖስታው ላይ የስልክ ቁጥርዎን ይጻፉ። ፊርማው ካልተመሳሰለ ጽሕፈት ቤቱ ያሳውቅዎታል፤ ውጤቱ ከመጽደቁ በፊት ባለው ቀን ድረስ ማስተካከል ይችላሉ። ከማያውቁት ቁጥር የሚመጣ ጥሪ ባለማንሣትና ደብዳቤውን እንደ ማስታወቂያ ቆጥሮ በመጣል የሚቀር ድምፅ አለ። ቮትዋ ላይ ገብተው ድምፅዎ “ተቀባይነት አግኝቷል” እስኪል ድረስ ይከታተሉ።

ቴምብር አያስፈልግም። ፖስታ ቤት ከሰጡት የማኅተሙ ቀን ከምርጫው ዕለት ማለፍ የለበትም፤ በመጨረሻው ቀን ከሰዓት ሳጥን ውስጥ የተጣለ ደብዳቤ ግን በማግስቱ ሊታተም ይችላል። ስለዚህ በመጨረሻው ሳምንት የካውንቲውን የድምፅ ሳጥን ይጠቀሙ፤ ሬይኒየር ቢች ኮሚዩኒቲ ሴንተርና ስካይዌይ ላይብረሪ ጋ አለ። ሳጥኑ በምርጫው ዕለት ልክ 8 ፒኤም ላይ ይቆለፋል።

ማንበብ የሚቸግራቸው ወላጆች የሚያምኑትን ሰው እንዲረዳቸው መምረጥ የፌዴራል ሕግ የሰጣቸው መብት ነው፤ አሠሪያቸው ወይም የሠራተኛ ማኅበራቸው ወኪል ብቻ ሊረዳቸው አይችልም። የሚረዳው ሰው ያነባል፣ ይተረጉማል፤ ምርጫው ግን የእሳቸው ነው። “እማዬ፣ እኔ የመረጥኩትን ምረጪ” ማለት እርዳታ አይደለም።

7. ዜግነት ለሌላቸውና ከኖቬምበር በኋላ

ግሪን ካርድ ያላቸው ሰዎች ድምፅ ባይሰጡም ቤት ለቤት መዞር፣ በመድረክ መጠየቅና ከኪሳቸው ለዕጩ መለገስ ይፈቀድላቸዋል። ግሪን ካርድ የሌለው የውጭ ዜጋ ግን ገንዘብ መስጠት አይችልም። ልገሳው ለአንድ ዕጩ በየዙሩ ጣሪያ አለው፤ ልክ ከላይ በጠቀስኩት የኮሚሽኑ ድረ ገጽ ላይ ይገኛል። የሌላ ሰው ገንዘብ ተቀብሎ በራስ ስም መስጠት ወንጀል ነው። የሲያትል ከተማ የምትልካቸው የ25 ዶላር የዴሞክራሲ ቫውቸሮች ለከተማ ምርጫ ብቻ ስለሆኑ ለስቴት ዕጩ አይሠሩም።

ኖቬምበር ላይ ሁለት ሰው ሲቀር ሥራው አላለቀም። በኦገስት የደገፉት ሰው ከወደቀ የቀሩት ሁለቱ የእሱን ደጋፊዎች ይፈልጋሉ፤ ጥያቄዎን እንደገና ይዘው ለመቅረብ ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም። ግርማይ ዛሂላይ በ2025 ለካውንቲው ሥራ አስፈጻሚነት የተወዳደሩት ክፍት በሆነ ወንበር ላይ ነበር፤ በኖቬምበር የገጠሟቸው ክላውዲያ ባልዱቺም እንደ እሳቸው የካውንቲው ምክር ቤት አባል ነበሩ።

አዲሱ ተወካይ በጃንዋሪ ሁለተኛው ሰኞ ምክር ቤቱ ሲከፈት ሥራ ይጀምራል። ቁጥሩ ጎደሎ በሆነ ዓመት ስብሰባው 105 ቀን፣ ሙሉ በሆነ ዓመት 60 ቀን ነው። በእነዚህ ቀናት የሚመለከትዎት ረቂቅ ሕግ ኮሚቴ ፊት ሲቀርብ ኦሊምፒያ ድረስ መንዳት አያስፈልግም፤ ስብሰባው ከመጀመሩ ከአንድ ሰዓት በፊት በምክር ቤቱ ድረ ገጽ ተመዝግቦ ከቤት ሆኖ በቪዲዮ መናገር ይቻላል። “እደግፋለሁ” ወይም “እቃወማለሁ” ብሎ ስም ብቻ ማስመዝገብም ይቆጠራል። ዜግነትም አይጠየቅም።